ሰባ ዘጠኝ እጅና አንድ ጣት

እህቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው እጅ ስትቆጥር ኖረች። ጡረታ ስትወጣ ምክር ቤቱ የምስክር ወረቀት ሰጣት፤ መስታወት የገባለት፣ ማኅተም ያረፈበት። «ለሃያ አራት ዓመታት በታማኝነት ስላገለገሉ» ይላል። ሃያ አራት! መቁጠር ለማይችሉ ሰዎች ነው ዕድሜዋን የገበረችው። በአዲሱ ቤቷ ግድግዳ ላይ ልስቀልልሽ ብላት፣ «ተወው፣ ስህተት ያለበት ሰነድ አይሰቀልም» አለችኝ። እኔ ብሆን አፈ ጉባኤው አናት ላይ ነበር የምሰቅለው።

ስለ እሷ የምጽፈው ተናድጄ ነው። ግማሹ ንዴቴ በእነሱ ላይ ነው፤ ሩቡ በእሷ ላይ ነበር፣ እሱ እንኳ አልፏል። የቀረው ሩብ በራሴ ላይ ነው። የራሴን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ለመናገር የማልቸኩለው ስለሚያሳፍረኝ ነው።

ሥራዋ በወረቀት ላይ «የጉባኤ አገልግሎት ባለሙያ» ይባላል። በተግባር ድምፅ ቆጣሪ ነበረች። የግዛታችን ምክር ቤት መቶ ሃያ አባላት አሉት፤ አሥር ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ ሁለት ወንበር። አንድ ጊዜ በየጠረጴዛው ላይ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው የድምፅ መስጫ መሣሪያ ተገጥሞ ነበር። በሁለተኛው ወር ግማሹ ሞተ፤ የተረፈው ደግሞ አረንጓዴውን ሲጫኑት ቀይ ያበራ ጀመር። መሣሪያው እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ አባላቱ የሻይ ብርጭቆ ያሳርፉበታል። ስለዚህ ድምፅ የሚሰጠው እንደ ድሮው እጅ በማውጣት ነው፤ እጁን የሚቆጥሩት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው።

የአቆጣጠሩን ደንብ ያወጣችው እሷ ናት። አንዱ ቆጣሪ ከፊት ረድፍ ይነሳል፣ ሌላው ከኋላ። መሃል ላይ ሲተላለፉ አይተያዩም፣ አይነጋገሩም። እያንዳንዱ ያገኘውን ቁጥር ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አጥፎ፣ ለቃለ ጉባኤ ያዡ ይሰጣል። ሁለቱ ከተስማሙ ድምፅ ነው፤ ካልተስማሙ ወሬ ነው። «ከሁለት ጫፍ ተቆጥሮ አንድ ያልሆነ ነገር አልተቆጠረም» ትል ነበር። ይህ አመል የጀመራት ምክር ቤት ገብታ አይደለም። ልጆች ሆነን የታጠበ ልብስ ከገመድ ስናወርድ እሷ ከአንድ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ጫፍ ሆነን እንድንቆጥር ታስገድደኝ ነበር። አንድ ካልሲ ከጎደለ አለቀልኝ፤ እንደገና!

ሌላው የእሷ ፈጠራ ቅጹ ነው። ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ጠዋት አፈ ጉባኤው ፊት ታቀርበዋለች። የጠቅላላ አባላት ብዛት፣ ለማጽደቅ የሚያስፈልገው ድምፅ፣ ከዚያ በታች ባዶ ቦታ። የሚያስፈልገው ቁጥር እጅ ከመውጣቱ በፊት ይጻፋል፤ አፈ ጉባኤውም እጅ ከመውጣቱ በፊት ይፈርምበታል። ምን ያስቸኩልሻል ብላት፣ «አንተ በር ስትሠራ መጀመሪያ ክፈፉን ነው የምትለካው ወይስ በሩን ሠርተህ ስታበቃ ግድግዳውን ታፈርሳለህ?» አለችኝ። እኔ እንጨት ሠራተኛ ነኝ። ለእኔ የምትነግረኝን ሁሉ በእንጨት ነበር የምትነግረኝ።

ግቢያችን ከአባታችን የቀረልን ነበር። ከፊት ባለው ቤት እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ሴቶች ልጆቻችን እንኖራለን፤ ጎኑ ላይ የእንጨት ሥራ ቤቴ ነው። ከጓሮ የራሱ በር፣ የራሱ ማብሰያ ያለው አንድ ክፍል አለ፤ እሱ የእህቴ ነው። አላገባችም። ለምን ለሚሏት «የሚመጣው ሁሉ ሲደመር ይጎድላል» ትላቸዋለች። ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነው። ከመንገድ ለሚያየው ረጅም የግንብ አጥርና በየመሃሉ የብረት በር ብቻ ነው፤ ከአንዱ የብረት በር ኋላ ግን ሁለት ሦስት ቤተሰብ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይኖራል።

እኛን ከዶዘር የጠበቀን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ሠላሳ አራት ነበር። አንድ መስመር ናት። «ማንም ሰው ምትክ ቤት ተዘጋጅቶ ሳይረከብ ከሚኖርበት ቤት እንዲነሳ አይደረግም።» ሰፈራችንን አፍርሰው ሰፊ መንገድና ሕንፃ ለመሥራት ያሰቡ ሰዎች ከዚህች መስመር ጋር ተላተሙ። ምትክ ቤት መሥራት ይችሉ ነበር። ግን ቤት ከመሥራት አንቀጽ መሰረዝ ይቀላላ! ሲሚንቶ አይጠይቅ፣ አሸዋ አይጠይቅ። የሚጠይቀው እጅ ብቻ ነው።

ድምፁ ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እህቴ ሥራ ቤቴ ገባች።

«እትዬ፣ ስንት ሰው እንቢ ቢል ነው የምንተርፈው?» አልኳት።

የሚስማር ሣጥኔን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። መቶ ሃያ ሚስማር ቆጥራ ለየች፤ እኔንም ከሌላው ጫፍ አስቆጠረችኝ።

«ሦስት ቦታ ክፈላቸው።»

አርባ፣ አርባ፣ አርባ አደረግሁ።

«አሁን ሁለቱን ክምር ቀላቅል። ሰማንያ። ሕገ መንግሥት ለመንካት ይህን ያህል እጅ መውጣት አለበት። ሰባ ዘጠኝ ቢወጣ እንዳልወጣ ነው።»

«ከስብሰባው የቀሩትስ?»

«የቀሩትም መቶ ሃያው ውስጥ ናቸው። ሕጉ ከጠቅላላ አባላቱ ነው የሚለው፣ ከተገኙት አይልም። ቤቱ ተኝቶ የዋለ ሰው እዚህ ላይ እንደተቃወመ ነው።»

«ለሌላው ሕግ ከግማሽ በላይ ይበቃ የለም እንዴ? ለዚህ ምን አመጣው?»

«አንተ ልጅ፣ በር ለመቀየር ብቻህን ትበቃለህ። ምሰሶ ለመቀየር ግን ጣሪያውን ደግፎ የሚይዝልህ ሰው ትጠራለህ፤ ያውም ብዙ ሰው። ይህ ምሰሶ ነው።»

ሚስማሮቹን ወደ ሣጥኑ ስትመልስ፣ እንደ ቀልድ አድርጌ «እንግዲህ ሰማንያ ከሞላ አንዷን እጅ ዘንጋ ማድረግ ነዋ» አልኳት። እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ።

«ይህን ሁለተኛ እንዳልሰማ» አለችና ወጣች።

ሰኞ ዕለት የሰፈር ሰው ከነሚስቱ ከነሽማግሌው የሕዝብ መቀመጫው ላይ ተጠቅጥቆ ተቀመጠ። መቶ አሥራ አራት አባላት ተገኝተዋል። አፈ ጉባኤው ጉሮሮውን ጠርጎ «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ሲል አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። ደሜ ፈላ። የማላውቃቸው ሰዎች፣ ሰፈሬን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች፣ አንዱ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ አንዱ በሌላው እጁ ስልኩን እየነካካ፣ ቤቴን ያፈርሳሉ። እህቴ ከፊት ጀመረች፤ ባልደረባዋ፣ ረጅሙ ሰውዬ፣ ከኋላ ጀመረ። እሷ ስትቆጥር ጣት አትቀስርም፣ ከንፈሯም አይንቀሳቀስም። አንድ ረድፍ በጨረሰች ቁጥር አውራ ጣቷን ከአንዱ ጣቷ ወደሚቀጥለው ታሻግራለች፤ በቃ።

ወረቀቶቹ ተከፈቱ። የረጅሙ ሰማንያ ይላል። የእሷ ሰባ ዘጠኝ።

አፈ ጉባኤው ፈገግ አለ። «ይህማ ትንሽ ልዩነት ነው። ተነጋገሩና አስታርቁት።»

አስታርቁት! ቁጥር እንደ ባልና ሚስት የሚታረቅ መሰለው።

«ክቡር አፈ ጉባኤ» አለች እህቴ፣ «አራተኛ ረድፍ፣ ሰባተኛ ወንበር። ያ የድምፅ እጅ አይደለም። የመጠየቂያ እጅ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አርባ ዓመት ተማሪ ጣቱን ሲቀስርባቸው የኖሩ ስለሆኑ፣ እሳቸውም መናገር ሲፈልጉ አንድ ጣት ነው የሚያወጡት። ድምፅ ሲሰጡ ደግሞ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ይህን ልዩነት ከዚያ ሁሉ ሰው ልብ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች። ረጅሙ ግን ከፍ ያለ ነገር ባየ ቁጥር ይቆጥራል፤ ዣንጥላ ቢያወጡለትም ይቆጥር ነበር።

የመምህሩ ጆሮ ከበድ ይላል። ጎናቸው ያለው ሰው ጎሸም አድርጎ ነገራቸውና ተነሱ።

«እኔማ ጥያቄ አለኝ ብዬ ነው። ይህ አንቀጽ ከተሰረዘ ሰዎቹ የት ይገባሉ? ይህ ሳይመለስልኝ የምን ድምፅ ነው የምሰጠው?»

የሕዝብ መቀመጫው ላይ የነበርነው አጨበጨብን፤ ጥበቃው ዝም አሰኘን። አለቀ ብለን ስንተነፍስ፣ ለካ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። የሕግ አማካሪው ጎንበስ ብሎ አፈ ጉባኤው ጆሮ ላይ አንሾካሾከ። የአፈ ጉባኤው ፊት በራ።

«ዛሬ የተገኘነው መቶ አሥራ አራት ነን» አለ። «የዚህ ሁለት ሦስተኛው ሰባ ስድስት ነው። ስለዚህ በሰባ ዘጠኝ ድምፅ...»

እህቴ ስለ ቁጥር እንጂ ስለ ሕግ መናገር አይፈቀድላትም። ቅጹን ከማህደሯ አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። ጠቅላላ አባላት፣ መቶ ሃያ። የሚያስፈልገው ድምፅ፣ ሰማንያ። ከሥሩ ፊርማ፤ የራሱ ፊርማ፣ ጠዋት ሻዩን ፉት እያለ ሳያነብ የጫረው። አሁን አነበበው። ደግሞ አነበበው። አማካሪው ኮርኒሱን መመልከት ጀመረ። በመጨረሻ አፈ ጉባኤው ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው ሆኖ «አልጸደቀም» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ እህቴን በስሟ መጥራት ተወ። «ሰባ ዘጠኝ፣ እንዴት አደርሽ!» «ሰባ ዘጠኝ፣ በዚህ በኩል እለፊ፣ ጭቃ ነው!» ቲማቲም የሚሸጠው ሰውዬ አንድ ሲጨምርላት መለሰችለት፤ «ስድስት ነው ያልኩህ።» እኔ ደግሞ በየደረስኩበት የእሷ ወንድም ነኝ እያልኩ ደረቴን ነፋሁ። ጅል ነኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ለእኔ ነበር። ረቂቁ በሚቀጥለው የስብሰባ ዘመን ተመልሶ ሊቀርብ እንደሚችል ነግራኝ ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ሁለት ወር አልቆየም፣ ተመልሶ መጣ። መምህሩ ቤት ትልልቅ መኪኖች ሲመላለሱ አየናቸው፤ ባለፈው ያልተገኙት ስድስቱም ተቃዋሚ መሆናቸውን ሰማን። ሰባ ዘጠኙ እጅ እንዳለ ነው። የቀረው የመምህሩ ነው። የእኔ ቤት፣ የልጆቼ አልጋ፣ የአባቴ ግድግዳ በአንድ ሽማግሌ እጅ ላይ ተንጠለጠለ።

ከድምፁ ቀን በፊት እህቴ ጓሮ ልብስ እያወረደች ሳለ ሄድኩ። እንደ ልጅነታችን ከሌላው ጫፍ ጀምሬ ማውረድ ያዝኩ።

«እትዬ፣ አሁን እኮ አዳራሹ በሙሉ ያምንሻል» አልኳት። «አንድ ጊዜ እጅ አይደለም ብለሽ እጅ አለመሆኑን አሳይተሻል። እኚህ ሰውዬ ነገ እጃቸውን ካወጡ ጣት ነው በያቸው። አንድ ቃል ነው። ማን ይጠራጠርሻል?»

«ማንም» አለች።

«በቃ!»

«ማንም ስለማይጠራጠረኝ እኮ ነው።»

«አትፈላሰፊብኝ! እኔ የምናገረው ስለ ቤት ነው። ያንቺም ቤት ነው!»

«የኔም ቤት ነው» አለች፤ ድምፅዋ ተሰባበረ። «አላውቅም መሰለህ? ግን ዛሬ ለኛ ብዬ እጅ ከደበቅሁ፣ ያን ጊዜ ሰባ ዘጠኝ ያልኩትም ውሸት ይሆናል። ያኔ እነሱ ልክ ነበሩ ማለት ነው።»

ልብሱን መሬት ላይ ጥዬላት ሄድኩ።

በማግስቱ የሕዝብ መቀመጫው ላይ ከፊት ተቀመጥኩ። እጅ ወጣ። ሌላውን አላየሁም፤ አራተኛ ረድፍ፣ ሰባተኛ ወንበር። መምህሩ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ። መዳፍ። አምስቱም ጣት የተዘረጋ። እህቴ እዚያ ረድፍ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ አውራ ጣቷም ቆመ። ሰውዬውን አየቻቸው፣ እሳቸውም አዩዋት። ከዚያ አውራ ጣቷ ተሻገረ።

«ጣት ነው! ጣት ነው በይ!» ብዬ ጮህኩ። ሁለት ጥበቃዎች ብብቴ ሥር ገብተው አንጠልጥለው አወጡኝ። በሩ ሲዘጋ የሰማሁት የቃለ ጉባኤ ያዡን ድምፅ ነው። ሰማንያ። ሰማንያ። ተስማምቷል።

ፈረመችበት።

ያን ዕለት ያልኳትን አልደግመውም። አባታችን ሞቶ ባይሆን ኖሮ አንቺን አይቶ ይሞት ነበር ያልኩት ከሁሉ የለዘበው ነው። ገብታ በሯን ዘጋች። ሰፈሩም ሰባ ዘጠኝ ማለቱን አቆመ፤ ስሟንም አልመለሱላትም፤ ስታልፍ ዝም ይላሉ። እኔ ለሰባት ሳምንት አላናገርኳትም። አንድ ግቢ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ሰባት ሳምንት! «ለዚያች ሴትዮ ውሃ ሊጠፋ ነው በያት» እላለሁ ለባለቤቴ። መጀመሪያ ላይ ትነግርልኝ ነበር። በኋላ «እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም፣ አሥር እርምጃ ናት፣ ሄደህ ንገራት» አለችኝ። አልሄድኩም። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ካየኋት መላጊያዬን ይዤ ጀርባዬን አዞራለሁ።

አንድ ቀን አንጀቴ አርሮ መምህሩ ቤት ሄድኩ። ልሳደብ ነበር የሄድኩት፤ ስድቡንም መንገድ ላይ አሰናድቼዋለሁ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ገና አፌን ሳልከፍት ደብዳቤ አውጥተው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ እኔ ሰው ሜዳ ላይ አልጣልኩም። ጥያቄዬን በጽሑፍ መልሰውልኛል። አንብበው፤ የተመዘገበ ቤት ሁሉ ምትክ ያገኛል ይላል።»

«ስንት ቤት ተመዘገበ፣ ጋሼ?»

«ሠላሳ አንድ።»

ስድቤ በሙሉ ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ ሠላሳ አንድ እኮ የብረት በሩ ነው። ቤቱ አይደለም። መዝጋቢዎቹ ከመኪና ሳይወርዱ፣ ከመንገድ ላይ ሆነው፣ በር በር ቆጥረው ነው የሄዱት! በየግቢው ውስጥ ያለውን ሰው ማን ቆጠረው?»

ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኚህ የተማሩ ሰው ከዶሮ አልተሻሉም፣ ወረቀት ሲያዩ አመኑ። ቢሆንም ፊታቸውን ሳየው መጮህ አልቻልኩም።

«አርባ ዓመት ሙሉ 'እንዴት እንዳገኛችሁት አሳዩኝ' እያልኩ አስተማርኩ» አሉ። «እነሱን ግን ሳልጠይቅ ቀረሁ።» ከዚያ ደብዳቤውን ገልብጠው አሳዩኝ። መዝገቡ የሚዘጋው ዓርብ ነው፤ ቅሬታ ያለው ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቆጥረው የተስማሙበትን ቁጥር ፈርመው ማቅረብ አለባቸው ይላል። «እስከ ዓርብ አምጡልኝ፤ እኔ ራሴ ይዤ እገባለሁ። እንቢ ካሉኝ ሁለቱንም እጄን ነው የማወጣባቸው» አሉ።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ከሰፈሩ ሰው ቆጥሮ የሚታመን አንድ ሰው ብቻ አለ። እኔም አላናግራትም።

ሐሙስ ጠዋት አሥሯን እርምጃ ሄድኩ። ቧንቧው ጋ ፊቷን እየታጠበች አገኘኋት። ደብዳቤውን ዘረጋሁላት። እጇን አድርቃ አነበበች።

«ከየት ነው የምትጀምረው?» አለችኝ።

በቃ፣ ይህን ብቻ። ይቅርታ ጠይቅ አላለችም፣ ምነው ዛሬ አላለችም። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች፤ በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎቷ ለሦስተኛ ጊዜ።

እሷ ከላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀመረች፤ እኔ ከታች፣ ከጋራዡ። የራሱ በርና የራሱ ማብሰያ ያለው ሁሉ አንድ ቤት ነው ተባባልን። በየግቢው ገባሁ። አሥር ዓመት ያልገባሁባቸው ግቢዎች ነበሩ፤ የግንብ አጥር ጥግ ላይ ቆርቆሮ ከድና ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት አገኘሁ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሽባ አባቱን የሚያስታምም ሰው አገኘሁ። ለእነዚህ ሁሉ በመዝገቡ ላይ ሰው አይደላችሁም ተብሏል። እያንዳንዱን ስጽፍ እርሳሱ እስኪሰበር ተጫንኩት፤ ሁለት ጊዜ ቀረጽኩት። መሃል ላይ እህቴን ተሻገርኳት። አልተያየንም። ተኳርፈን ግን አይደለም፣ ደንቡ ነው።

ቃለ ጉባኤ ያዣችን ባለቤቴ ሆነች። ሁለቱን ወረቀት ግቢያችን በር ላይ ከፈተች። የእህቴ ሃምሳ ስምንት። የእኔ ሃምሳ ሰባት።

«ተሳስተሻል» አልኳት፤ እልሄ ገና አልወጣልኝም።

«እንደገና» አለች።

ጫፍ ተቀያይረን እንደገና ዞርን። እሷ ከጋራዡ፣ እኔ ከዳቦ ቤቱ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ባለቤቴ ከፈተችው፤ ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ሰባት።

«በር በር እያላችሁ አንብቡልኝ» አለች ባለቤቴ ትዕግሥቷ አልቆ። «በዚህ አያያዛችሁ ዓርብ ያልፋል።»

ማንበብ ጀመርን። የዳቦ ቤቱ ግቢ፣ ሁለት፤ ሁለት። የልብስ ሰፊው ግቢ፣ ሦስት፤ ሦስት። እየተስማማን፣ እየተስማማን ወረድን። ሃያ ሁለተኛው በር የእኛ ነበር።

«አንድ» አልኩ።

እህቴ ወረቀቷን ዝቅ አደረገች።

ቀና ስል ባለቤቴ እኔን አታይም። ከትከሻዬ በላይ ወደ ጓሮ ታያለች። ዞርኩ። የእህቴ በር እዚያ ነው። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር፣ ማጠፊያው ትንሽ ያዘነብላል፤ አስተካክልልሻለሁ እያልኳት ስንት ዓመት። ሁለት ጊዜ በአጠገቡ አልፌ ሁለት ጊዜ አላየሁትም። እነዚያ ከመኪና ሳይወርዱ የቆጠሩት ሰዎች ቢያንስ አያውቋትም ነበር።

ሰባቱን ሰርዤ ስምንት ላደርገው እርሳሱን አነሳሁ።

«አይሆንም» አለች እህቴ። «ስርዝ ድልዝ ያለበትን አይቀበሉም። አዲስ ወረቀት ውሰድ።»

አዲስ ወረቀት ወሰድኩ። ከዳቦ ቤቱ ጀምሬ ሠላሳ አንዱንም በር እንደገና ጻፍኩ፤ የእኛ ግቢ ጋ ስደርስ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ከሥር ሃምሳ ስምንት ብዬ ደመርኩ፤ ፈረምኩ። ወረቀቱን ተቀብላ ከራሷ ጎን አስቀመጠችው፤ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ከታች እስከ ላይ አየችው።

«ተስማምቷል» አለችና እርሳሴን ከእጄ ወስዳ ፈረመችበት።